ሪንግ ከሲሊንደር በኋላ ይመረጣል፦ ጎንደር ላይ የታደሰ የአንድ ላዳ 1200 ሞተር የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ተመዘገበ

አሮጌ መኪና ሰማያዊ ጭስ መትፋት ሲጀምር ጎንደር ውስጥ ቶሎ የሚሰማው ምክር «ሪንግ ቀይርለት» የሚል ነው። ሪንግ ማለት በፒስተን ዙሪያ የሚገባ፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ተጭኖ ጋዝና ዘይት የሚከለክል፣ ጫፎቹ ያልተያያዙ ቀለበት ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ ይወጣል፣ ጭሱም ይመለሳል። እዚህ የምጽፈው ሪንግ ተቀይሮላት ያልዳነች፣ በኋላ ግን በልኬት ተሠርታ የዳነች የአንዲት ላዳ ጉዳይ ነው። የባለቤቱን፣ የጋራዦቹንና የባለሙያዎቹን ስም አልጠቅስም። ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ አስቀምጣለሁ፤ አሮጌ ሞተር ሊያሳድስ ለተነሳ ሰው ከምክር ይልቅ ቁጥር ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

መኪናዋና ባለቤቷ

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ላዳዋን የገዟት ገና ወጣት ሳሉ ነው። ልጆቻቸው ሁሉ በሷ ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል። የመጨረሻዋ ልጃቸው ጥር ላይ ልትዳር ነበርና ሙሽራዋ በዚችው መኪና እንድትሄድ ፈልገው ነው ወደኛ ጋራዥ የመጡት።

መኪናዋ በፋብሪካ ስሟ ቫዝ 2101 ትባላለች። ሩሲያ ውስጥ ቶሊያቲ ከተማ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራች ሲሆን መነሻዋ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ሞተሯ ግን የፊያቱ ቅጂ አይደለም። ሩሲያዎቹ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ አውጥተውታል፤ የሲሊንደሩ ስፋትም ይለያል። የፊያት 124 የመጀመሪያው ሞተር 73 ሚሊሜትር ሲሆን የላዳ 1200 ደግሞ 76 ሚሊሜትር ነው። «ፊያትና ላዳ አንድ ነው» ብሎ ሪንግ የሚሸጥ ነጋዴ ስለማይጠፋ ነው ይህን ቀድሜ ያነሳሁት። የፒስተኑ ምት 66 ሚሊሜትር፣ የአራቱ ሲሊንደር ድምር 1,198 ሲሲ፣ የመጭመቅ ልኩ ደግሞ 8.5 ለ1 ነው።

ችግሩ

ጭሱ የሚብሰው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ ነበር። ዘይት ቶሎ ቶሎ ይጨመርላታል። የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ በዘይት እየራሰ እሳት ይነሳዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በሦስት ይሠራና መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች።

ጋሼ ከዚያ በፊት ሌላ ጋራዥ ወስደዋት ነበር። እዚያ ቴስታታው ተነስቶ፣ ፒስተኖቹ ወጥተው፣ አዲስ ሪንግ ተገጥሞ ተመልሷል። ሲሊንደሩ አልተለካም፣ አልተፋቀም። ለጥቂት ጊዜ የተሻላት መሰለች። ከዚያ ጭሱ ተመለሰ፤ እንዲያውም ባሰበት። ጋሼ «ሪንጉ ፎርጅድ ነው፣ ሸወዱኝ» ብለው ደምድመው ነበር። የፈለጉትም «ኦሪጅናል» ሪንግ እንዲገኝላቸው ብቻ ነው። ጊዜው ለሰርጉ እየቀረበ ስለነበር ሞተር ማውረድ የሚባለውን ነገር መስማት አልፈለጉም።

ሞተሩ ሳይፈታ የታየው

መጀመሪያ የጭመቃ ግፊት ለካን። ከአንድ እስከ አራት ያሉት ሲሊንደሮች በተራ 6.5፣ 6፣ 4.5 እና 6.5 ባር አሳዩ። በየሲሊንደሩ ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሰን ደግመን ስንለካ 8፣ 7.5፣ 7 እና 8 ሆኑ። ዘይት ሲገባ ግፊቱ እንዲህ ከፍ ካለ፣ የሚያፈሰው በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ነው። ቫልቭ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

እዚህ ላይ ለደጋ ከተማ መካኒኮች አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፎቹ ለእንዲህ ያለ ሞተር ከ10 ባር በላይ ይጠብቃሉ። ያ ቁጥር የቆላ፣ የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነውና ጤነኛ ላዳ እዚህ 9 ባር አካባቢ ቢያሳይ ደህና ነው። 9 ባር አይቶ «ሞቷል» ብሎ ሞተር የሚፈታ ሰው የሰው ገንዘብ ያባክናል። የጋሼ መኪና 4.5 ግን በየትኛውም ከፍታ በሽታ ነው።

ሲሊንደሩ ሲለካ

ጋሼ ሞተሩ እንዲፈታ የፈቀዱት ይህን ካዩ በኋላ ነው። ከፊታቸው ፈታነው። ቴስታታው ሲነሳ የሲሊንደሮቹ ግድግዳ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ጋሼ «ታዲያ ምን ሆነ፣ ንጹሕ አይደል?» አሉ። እዚያ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። ጤነኛ ሲሊንደር እርስ በርሱ የሚቆራረጥ ቀጭን ጭረት አለው። ዘይት የሚይዘው፣ አዲስ ሪንግም ተፍቆ ቦታውን የሚያገኘው በዚያ ጭረት ነው። የለሰለሰ ግድግዳ ላይ አዲስ ሪንግ፣ በተለይ ክሮም የተቀባ ሪንግ፣ ሳይላመድ ይኖራል።

ልኬቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አሳየ። በላዳ ብሎክ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ላይ ከአናቱ 5 ሚሊሜትር ያህል ሪንግ የማይደርስበት ቦታ አለ። እዚያ ሲሊንደሩ አይበላም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያ ቦታ የመጀመሪያው ልክ ምስክር ነው። ከሱ ጋር እያነጻጸርን ወደ ታች በተለያየ ጥልቀት፣ በመኪናው ርዝመትና በወርዱ አቅጣጫ ለካን። ሦስተኛው ሲሊንደር ሪንግ በሚደርስበት የላይኛው ጫፍ 0.19 ሚሊሜትር ሰፍቷል። ወደ ታች ሲወርድ መስፋቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሌሎቹ ከ0.12 እስከ 0.16 ነበሩ። ለዚህ ሞተር 0.15 ካለፈ ሲሊንደሩ ወደ ቀጣዩ ልክ መስፋት አለበት።

0.19 ትንሽ ይመስላል። ከሪንጉ ወገን ሲታይ ግን ትንሽ አይደለም። ሲሊንደር በ0.1 ሚሊሜትር ሲሰፋ የሪንጉ ሁለት ጫፎች ክፍተት በ0.31 ሚሊሜትር ይጨምራል፤ የክብ ዙሪያ ከስፋቱ 3.14 እጥፍ ነውና። አንደኛውን የተገጠመውን «አዲስ» ሪንግ አውጥተን ሦስተኛው ሲሊንደር ታች ስናስገባው ክፍተቱ 0.40 ሆነ። ላይ ስናወጣው 1 ሚሊሜትር ደረሰ። ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ዙር ሲዞር ያ ሪንግ በሰከንድ 40 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል ማለት ነው። ይህን የሚችል ሪንግ የለም፤ ኦሪጅናልም ቢሆን አይችልም። ጋሼ ክፍተቱን በዓይናቸው አይተው «እንግዲህ ነጋዴው ላይ በከንቱ ነው የተቆጣሁት» አሉ።

ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ደህና ነበር። ብሮንዚኖቹን (ዘንጉ የሚዞርባቸውን ስስ ሽፋኖች) ብቻ በዚያው ልክ ቀየርን።

ለምን እንዲህ ተበላ

ምክንያቱን ሳያገኙ ሞተር ማደስ ደስ አይለኝም። መበላቱ ከላይ የበረታ ነበር፤ የላይኛው ሪንግም ፊቱ ደብዝዞ ከላይ ወደ ታች ተጭሯል። ይህ በአየር የገባ አቧራ ምልክት ነው። አቧራው በዘይቱ በኩል የመጣ ቢሆን ብሮንዚኖቹና የታችኛው ሪንግ ይበልጥ ይጎዱ ነበር። የአየር ማጣሪያውን ቤት ስንከፍት የውስጡ ወረቀት የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። በቁመት ያንስ ስለነበር ክዳኑ አይጫነውም። አየሩ በወረቀቱ ውስጥ ሳይሆን በጎኑ ነበር የሚገባው። በጥርና በየካቲት የከተማዋን ዳርቻ የጥርጊያ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርግ ይገባዋል። ልኩ የሆነ ማጣሪያ የጠቅላላው ሥራ ርካሹ ዕቃ ነበር። መጀመሪያ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አያስፈልግም ነበር።

ፒስተን መጀመሪያ፣ ማስፋት በኋላ

ለላዳ ሞተር በብዛት የሚገኙት ትርፍ ልኮች (ለሰፋ ሲሊንደር የሚሠሩ የፒስተንና የሪንግ ልኮች) 0.4 እና 0.8 ሚሊሜትር ናቸው። ባለ 0.4 ፒስተን አናቱ ላይ ሦስት ማዕዘን፣ ባለ 0.8 ደግሞ አራት ማዕዘን ምልክት አለው። ሪንጎቹ ላይም 40 ወይም 80 ተጽፎ ይገኛል። መበላቱ 0.19 ስለሆነ 0.4 ይበቃናል። 0.8ን ለወደፊት ማስቀመጥ አለብን፤ አንድ ብሎክ የሚሰፋው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ጋሼ ብሎኩ በቶሎ ወደ ቶርኖ ቤት (ሲሊንደር በማሽን ወደሚሰፋበት ቤት) እንዲሄድ ፈልገው ነበር። ፒስተኑ እስኪመጣ ሥራው ይጠናቀቃል ብለው ነው። ፒስተኑ እጃችን ሳይገባ ብሎኩ ከጋራዡ አይወጣም አልኳቸው፤ በዚህ ጉዳይ አልለዘብኩም። ምክንያቴ ይህ ነው። ፓኬቱ ላይ 76.40 ተጽፎ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን የፒስተኑ ስፋት አድርጎ ያነበዋል። የሲሊንደሩ ልክ ነው። ፒስተኑ ራሱ ከዚያ ያንሳል፤ በሙቀት ሲያብጥ ቦታ ያስፈልገዋል። ቶርኖ ሠራተኛው 76.40ን የፒስተን ልክ አድርጎ 0.06 ከጨመረበት ሲሊንደሩ 76.46 ይሆናል። ክፍተቱ ወደ 0.12 ይደርሳል። ሞተሩ አዲስ ሳለ የሚያንኳኳ ሽማግሌ ይሆናል።

ፒስተኖቹ ከአዲስ አበባ መጡ። በማይክሮሜትር ለካናቸው፤ ከአናቱ 5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብለን፣ ከፒኑ (ፒስተኑን አቋርጦ ከሚያልፈው ብረት) በ90 ዲግሪ አቅጣጫ። የላዳ ፒስተን ሙሉ ክብ ስላልሆነ ሌላ ቦታ ቢለካ ቁጥሩ ይዋሻል። ሁለቱ 76.34፣ አንዱ 76.35፣ አንዱ 76.33 ሆኑ። አንድ ፓኬት ውስጥ ያሉ ፒስተኖች እኩል አልነበሩም ማለት ነው። ፋብሪካው ራሱ ፒስተንና ሲሊንደርን በ0.01 ሚሊሜትር ልዩነት በፊደል ከፋፍሎ ነው የሚያጣምራቸው። እኛም እያንዳንዱን ፒስተን በቀለም ቁጥር ሰጥተን ለየሲሊንደሩ የራሱን ልክ በወረቀት ጻፍን፦ ፒስተኑ ሲደመር 0.065። ወረቀቱን ከብሎኩ ጋር ላክን፤ ፒስተኖቹንም አብረን።

የሪንግ ምርጫ

በዚህ ጉዳይ ብዙ የተወያየነው እዚህ ላይ ነው። ገበያው ላይ ለ76.40 የሚሆን ሁለት ዓይነት ሪንግ ተገኘ። አንደኛው የላይኛው ሪንግ ክሮም የተቀባ ነው፤ ፋብሪካው ለላዳ የሚመርጠውም ይህን ነው። ሁለተኛው ክሮም የሌለው፣ ጥቁር የብረት ሪንግ ነው። ጋሼ የሚያብለጨልጨውን መረጡ። ዋጋውም ይበልጣል፤ የሚበልጥ ነገር ይሻላል ብለው አሰቡ።

ክሮም ጠንካራ ነው። አቧራ አይበላውም፣ ዕድሜው ረጅም ነው። አቧራ ለሚበዛበት አገር በእርግጥ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን ጠንካራ ስለሆነ ራሱን ከሲሊንደሩ ጋር ቶሎ አያላምድም። ሲሊንደሩ በትክክል ክብ መሆን አለበት። የግድግዳው ጭረትም ለክሮም የሚስማማ፣ ሻካራ ግን ንጹሕ መሆን አለበት። ጥቁሩ ብረት ለስላሳ ነው። ዕድሜው ያጥራል፤ ትንሽ ጉድለት ያለበት ሲሊንደር ላይ ግን ተፍቆ ይገጥማል። በሌሎች መኪናዎች የሚታየው ሞሊብዲነም የተሞላ ሪንግ ደግሞ ዘይት ይይዛል፣ ሙቀት ይችላል፤ የሚፈልገው ግድግዳ ግን ከሁለቱም የለሰለሰ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ቶርኖ ቤቱ ምን ዓይነት ግድግዳ ሊሰጠን ይችላል የሚለው ነው። ማንኛው ሪንግ ይበልጣል የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ባሕር ዳር ላለው ባለሙያ ደወልኩ። ማስፊያ ማሽኑ ጥሩ ነው፣ መለኪያውም አስተማማኝ ነው። ሆኒንግ (ግድግዳውን በድንጋይ ፍቆ ጭረት የማውጣት ሥራ) የሚሠራው ግን በእጅ ድሪል በሚዞር ባለ ሦስት ድንጋይ መፋቂያ ነው። ድንጋዩ ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ ማለትም ምን ያህል ሻካራ እንደሆነ ስጠይቀው «የተለመደው ነው» አለኝ። በዚህ መልስ ላይ ክሮም አላስቀምጥም።

ለጋሼ ሁለት ነገር ነገርኳቸው። መኪናዋ ታክሲ አይደለችም፣ ቀኑን ሙሉ አትሮጥም፤ ጥቁሩ ሪንግ ለሷ ዕድሜ ይበቃል። አቧራውን ደግሞ የሚከለክለው ማጣሪያው ነው እንጂ ክሮም አይደለም። ትንሽ ከፋቸው፤ ተስማሙ። ታክሲ ቢሆን ኖሮና ድንጋዩን የሚያውቅ ሆኒንግ ቢገኝ ኖሮ ክሮሙን እመርጥ ነበር። ውሳኔው የዚች መኪናና የዚያ ማሽን ነው።

ቶርኖ ቤት

ጎንደርና ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ብሎኩን ልኮ መቀበል ይቻል ነበር። አብሮ መሄዱ ግን ዋጋ አለው። ባለሙያው ዕድሜ ልኩን የኢሱዙና የሌሎች ናፍጣ ሞተሮችን ሲሊንደር ሲቀይር የኖረ፣ እጁ የተመሰከረለት ሰው ነው። ሦስት ነገር ተነጋግረን ሠራን።

አንደኛ፣ የክራንክ ሻፍቱን መያዣዎች በየቦታቸው በልካቸው አጥብቀን ነው ብሎኩ የተሠራው። ብሎክ ሲጠብቅ ቅርጹ ትንሽ ይለወጣል። ቴስታታውን የሚተካ ወፍራም የብረት ሳህን አስሮ መሥራት ደግሞ ከሁሉ ይሻል ነበር፤ ለላዳ የሚሆን ሳህን ግን አልነበረም። ሁለተኛ፣ ማሽኑ መሐሉን ሲፈልግ ባልተበላው ቦታ እንዲፈልግ አደረግን። በተበላው ላይ ከተማከለ አዲሱ ሲሊንደር ወደ ተበላው ወገን ያጋድላል። ሦስተኛ፣ ማስፊያው 0.03 ሚሊሜትር ሲቀረው ይቆማል። ያ የቀረው ለሆኒንግ ነው። ማስፊያ ብረት የሚተወውን ቦይ መፋቂያው ካላነሳው ሪንጉ የሚሄደው በዚያ ቦይ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተፋቀው ሲሊንደር እንደገና አበራ። ባለሙያው በሥራው ኮርቶ በጣቱ እየዳሰሰ አሳየኝ፤ ለስላሳ ነው፣ ያምራል። ለናፍጣ ሞተር አዲስ ካሚቻ (ብሎኩ ውስጥ ተለይቶ የሚገባ የሲሊንደር ቱቦ) ሲያስገባ እንዲህ ያለ ፊት ያስደስተዋል። «ወንድሜ፣ ይሄ ሪንግ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል» አልኩት። ይዤ የሄድኩት ባለ 220 ድንጋይ ነበር። በነጭ ጋዝና በጥቂት ዘይት እያራስን፣ ድሪሉን ወደ ላይና ወደ ታች ፈጠን አድርገን ፋቅነው። ወደ ላይና ታች የሚደረገው እንቅስቃሴ ካልፈጠነ ጭረቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ሁለቱ ጭረቶች ሲገናኙ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ያህል እንዲከፈቱ ነበር የፈለግነው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ባለሙያው ራሱ «አሁን ገባኝ» ብሎ ድሪሉን ከእጄ ወሰደ። የቀሩትን እሱ ሠራቸው፤ ከኔ ይልቅ አሳመራቸው።

ስንለካ ሁሉም ከወረቀቱ ልክ በ0.01 ውስጥ ነበሩ። ሞተሩም ከ1,198 ወደ 1,210 ሲሲ ከፍ አለ። ይህ የሚሰማ ነገር አይደለም፤ ጋሼን ግን ደስ አሰኝቷቸዋል።

እጥበቱ

ይህን ለብቻው የጻፍኩት ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ነው። ከሆኒንግ በኋላ ብሎክን በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማጠብ የተለመደ ነው። ናፍጣ ዘይቱን ያነሳል፣ የድንጋዩን ብናኝ ግን በጭረቱ ውስጥ ይተወዋል። ያ ብናኝ አዲሱን ሪንግ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ይበላዋል። የሚያነሳው ሙቅ ውኃ፣ ኦሞና ጠንካራ ብሩሽ ነው። ጎንደር ስንመለስ ነጭ ጨርቅ ሲሊንደሩ ውስጥ ታሽቶ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አጠብነው። ከዚያ ወዲያው አድርቀን ዘይት ቀባነው። ውኃ ነክቶት ያደረ ብሎክ ጠዋት ዝገት ይዞ ይጠብቃል።

ገጣጠማ

እያንዳንዱን ሪንግ በሚገባበት ሲሊንደር ውስጥ አስገብተን፣ በፒስተን አናት ገፍተን አስተካክለን፣ ክፍተቱን ለካን። ለላይኛው ሪንግ የሚፈለገው ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊሜትር ነው። ሦስቱ በዚያ ውስጥ ሆኑ። የሁለተኛው ሲሊንደር 0.20 ሆነ። እንዲህ ተገጥሞ ቢሆን ሪንጉ ሲሞቅ ጫፎቹ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወይ ይሰበራል ወይ ሲሊንደሩን ይጭራል። በቀጭን ሞረድ 0.35 አደረስነው። ከፓኬት አውጥቶ የሚገጥም ሰው ይህን አያየውም።

ሪንግ በጉድጓዱ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውም ክፍተት ይለካል፤ ለላይኛው ከ0.04 እስከ 0.07 ነው። ፒስተኑ አዲስ ስለሆነ እዚህ ችግር አልነበረም። አሮጌ ፒስተን ላይ አዲስ ሪንግ የሚገጥሙ ሰዎች ግን ቀድመው ማየት ያለባቸው ይህን ነው።

የሁለተኛው ሪንግ በታች በኩል ደረጃ አለው፤ ዘይት ወደ ታች የሚጠርገው በዚያ ነው። ተገልብጦ ከገባ ዘይቱን ወደ ላይ ይጠርገዋል። የፒስተኑ ምልክት ወደ ፊት፣ የሪንጎቹ ጽሑፍ ወደ ላይ። ክፍተቶቹ አንድ መስመር ላይ እንዳይውሉ የላይኛውን ከፒኑ 45 ዲግሪ አዙረን፣ ሁለተኛውን በተቃራኒው፣ የዘይቱን ሪንግ በመካከል አስቀመጥን። የዘይት ሪንጉ የውስጥ ስፕሪንግ መጋጠሚያም ከሪንጉ ክፍተት ተቃራኒ ይሆናል።

ሮዳጅ

ሮዳጅ የታደሰን ሞተር የማላመድ ሥራ ነው። ሞተሩ እንደተነሳ በቀስታ እንዲጮህ አልተውነውም። በደቂቃ ከ1,500 እስከ 2,000 ዙር አካባቢ ይዘን፣ ዘይትና ውኃ እያየን አሞቅነው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ መንገድ ወጣ። አዲስ ሞተርን ቆሞ ለሰዓታት ማስጮህ የቆየ ልማድ ነው። ለሪንግ ግን መጥፎ ነው። ሪንግን ግድግዳው ላይ የሚጫነው የራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። የሚቃጠለው ጋዝ ከኋላው ገብቶ ይገፋዋል። ጭነት ከሌለ ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ሪንጉ ሳይላመድ ጭረቱ ይለሰልሳል።

የጎንደርና የአዘዞ መንገድ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ቁልቁል ስትወርድ እግርን ከቤንዚን አንስተህ በማርሽ ትይዛታለህ፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ባዶነት ዘይት ወደ ላይ ይስባል። ሽቅብ ስትመለስ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ድረስ ረጋ ብለህ ትገፋታለህ፣ ትለቃለህ፣ ደግመህ ትገፋለህ። እስከ ጥግ መርገጥ የለም፤ በከፍተኛ ማርሽ ማስጨነቅም የለም። ዘይቱ ተራ የማዕድን ዘይት ነበር፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ተቀየረ።

ያልተሳካው

ሰርጉ አለፈ። ሙሽራዋ በኪራይ መኪና ሄደች። ጋሼ ያዘኑትን ያህል ማዘናቸው ተገቢ ነበር፤ ይህ ሥራ በሰርግ ቀጠሮ የሚሠራ እንዳልሆነ መጀመሪያውኑ ብንነግራቸውም ተስፋቸውን አልቆረጡም ነበር።

ሁለተኛው፣ መኪናዋ አሁንም ጭስ አላት ተባለ። ሽቅብ ስትወጣ ንጹሕ ናት። አዘዞ ቁልቁል ወርዳ፣ ታች ደርሳ ቤንዚን ሲረገጥ ግን አንድ ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፤ ከዚያ ይጠፋል። ያየ ሁሉ «ሪንጉ አልያዘም» አለ። ጭመቃውን ለካን፤ አራቱም ከ9 እስከ 9.3 ባር ነበሩ። ጭነት ላይ የሚጨስ ሞተር ሪንግና ሲሊንደር ያስጠረጥራል። እግር ተነስቶ ሲረገጥ ብቻ የሚጨስ ደግሞ የቫልቭ ዘንግ መምሪያና ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለው ጎማው ነው። ቴስታታው ወጪ ለመቀነስ ሲባል ቫልቭ ተፈጭቶ፣ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተቀይሮ ብቻ ነበር የተመለሰው። አዲሱ ሞተር ደግሞ ጭመቃው ስለተስተካከለ ዘይቱን በመምሪያው በኩል ከድሮው ይልቅ ይስባል። ቴስታታው ወርዶ መምሪያዎቹና ጎማዎቹ ሲቀየሩ ጭሱ ቆመ። ለአንድ ጓርኒሲዮንና ለአንድ ቀን ሥራ ሁለት ጊዜ ተከፈለ።

ለሌላ ሞተር የሚተርፈው

ሪንግ ብቻ መቀየር የሚያዋጣው ሲሊንደሩ ተለክቶ መበላቱ ከወሰን በታች ሲሆን፣ የድሮው ፒስተን ጉድጓዱ ደህና ሲሆንና ግድግዳው እንደገና ሲፋቅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ገንዘቡን ይዞ መቆየት ይሻላል። ማይክሮሜትርና የሲሊንደር መለኪያ የሌለው ጋራዥ ቢያንስ አንድ ሪንግ ታችና ላይ አስገብቶ ክፍተቱን ይለካ። የሁለቱ ልዩነት ለ3 ሲካፈል የሲሊንደሩን መበላት በግምት ይነግረዋል። ይህ ከቀጭን የክፍተት መለኪያ በቀር ምንም አይጠይቅም።

የሪንግ ዓይነት ከመግዛቱ በፊት ቶርኖ ቤቱ ይጠየቅ፦ ድንጋዩ ስንት ቁጥር ነው፣ ምን ያህል ለሆኒንግ ይተዋል፣ መያዣዎቹ ታስረው ነው የሚሠራው? የማይመልስ ከሆነ ለስላሳው ብረት ሪንግ ይሻላል።

መኪናው ቮልስ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ሲሊንደሩ ከብሎኩ ተለይቶ የሚወጣ ስለሆነ ፒስተን፣ ሪንግና ሲሊንደር አብሮ ይገዛል። ፔጆ 404ም 84 ሚሊሜትር ካሚቻው ወጥቶ የሚቀየር ነው፤ እዚያ ዋናው ጥንቃቄ ካሚቻው ከብሎኩ ፊት ከፍ የሚልበት ልክ ነው። የድሮው ላንድ ሮቨር ባለ 2.25 ሊትር ሞተር ግን እንደ ላዳው ብሎኩ ራሱ ይሰፋል። መነሻው 90.47 ሚሊሜትር ነው፤ ትርፍ ልኩ የሚጻፈው ግን በኢንች ነው። ፓኬቱ ላይ «020» የሚለው 0.20 ሚሊሜትር አይደለም። የኢንች ሺኛ ነውና 0.508 ሚሊሜትር ነው። ለቶርኖ ቤት ከመናገር በፊት በወረቀት ወደ ሚሊሜትር ቀይሮ፣ ከተለካው ፒስተን ጋር አመሳክሮ መስጠት ያስፈልጋል።